ጠበል ያልነበረው ምንጭ

ባለፈው መጋቢት የጎረቤቴ የውሃ ቧንቧ ፈንድቶ ሲያፈስ ሰንብቶ ኖሮ፣ አንድ ማለዳ በእንቁራሪት ድምፅ ነቃሁ። ሰው በእንቁራሪት ይደነግጣል ወይ ትሉኝ ይሆናል። በክረምት ቢሆን ማንም አይደነግጥም። በደረቅ በጋ፣ ሣሩ ከስሎ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ሳለ እንቁራሪት ስትጮህ ግን የእኔ እግር እስከ ዛሬ ጫማ ፍለጋ ይሄዳል።

በልጅነቴ እኛ ቤት እንቁራሪት በጋና ክረምት አትለይም ነበር። ቤታችን ከደብረ ማርቆስ ወደ አማኑኤል ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከአንድ የአፈር ግድብ ግርጌ ነበር። ግድቡ መጀመሪያ ለመስኖ ታስቦ ነው የተሠራው ይባላል፤ እኔ ነፍስ ሳውቅ ግን መዝናኛ ሆኖ፣ እሑድ እሑድ የከተማ ሰው እየመጣ ጀልባ ይሳፈርበት፣ ሙሽሮችም አናቱ ላይ እየተንሸራሸሩ ፎቶ ይነሡበት ነበር። እኛ ከታች ሆነን ውሃውን አናየውም። የምናየው ሣር የለበሰውን የአፈር ግድግዳ፣ ከበላዩም የሙሽሮቹን ጃንጥላ ብቻ ነበር። ያ ሁሉ ውሃ ከጣራችን በላይ እንደተቀመጠ ግን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

እናቴ ጥሩወርቅ፣ ሰፈሩ እትዬ ጥሩ የሚላት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ከሩቅ ወንዝ በጀርባዋ ውሃ ስታመላልስ የኖረች ሴት ነበረች። አንድ በጋ ከጓሮአችን፣ ከግድቡ እግር ሥር፣ መሬቱ ረጥቦ ረጥቦ ቆይቶ ጭል ጭል የምትል ውሃ ብቅ ስትል፣ እናቴ ተንበርክካ መሬቱን ስማ «ደጄ ድረስ መጣልኝ!» እያለች እልልታዋን አቀለጠችው። ሰው ሁሉ ጓሮው በደረቀበት ወር የእሷ ጎመን ከወገቤ በላይ ሆኖ፣ ቃሪያዋ ተንዠርግጎ፣ ለእኛ ተርፎ አማኑኤል ገበያ ይወርድ ነበር።

በዚያው ዓመት ግድቡን ሊያይ የመጣ አንድ ወጣት መሐንዲስ ጎመኑን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«እናት፣ ይሄ ምንጭ አይደለም፤ ግድቡ ነው የሚያፈስሰው።»

«ያፍስሰዋ! ማን ከለከለው?» አለች እናቴ እየሳቀች።

እሱ አልሳቀም። በብርጭቆ አስቀድቶ፣ ውሃውን ወደ ፀሐይ አንሥቶ ሲያገላብጥ ቆየና «ጥርት ብሎ እስከወረደ ድረስ ግድ የለም። አፈር ይዞ ከመጣ ግን ግድቡ ከውስጥ እየተበላ ነው ማለት ነው። ያን ቀን ዕቃ ልሰብስብ እንዳይሉ፤ ልጆችዎን ይዘው ወደ ዳገቱ ይውጡ» አላት። ይጠገናል ተባለ፤ የመጣ ግን አልነበረም።

አባቴ መሐንዲሱ በሄደ ማግስት «እንነሣ» አለ። እናቴ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ፣ የእንስራው ገመድ የፈተገውን ጠባሳ አሳየችውና «ወዴት? ወደዚያ ወንዝ ልትመልሰኝ?» አለችው። እኛም በዚያው ቀረን። ከዚያ ወዲያ እናቴ ማለዳ ተነሥታ፣ ከማንም ጋር እንዴት አደርክ ሳትባባል፣ ብርጭቆዋን ይዛ ወደ ጓሮ ትሄድ ነበር። እኔም ከበሩ ሆኜ ፊቷን አይ ነበር፤ ፈገግ ካለች ቁርስ እንበላለን።

ክረምት ሲገባ ጭንቅ መጣ። በእኛ አገር ክረምት የማይደፈርስ ውሃ የት አለ? ዝናቡ አፈሩን እየረጨ ብርጭቆውን ሲያቀላባት ጊዜ፣ እናቴ አባቴን አስቸግራ አራት እንጨት አስተክላ፣ ሣር አልብሳ፣ ከምንጩ በላይ ትንሽ ዳስ አሠራች። ዝናብ እንዳያታልላት ብላ እንጂ ሌላ ነገር አስባ አልነበረም። መንገደኛው ግን ዳስ የተሠራለት ውሃ ሲያይ፣ ያውም በግድብ ሥር በበጋ የፈለቀ ሲሆን፣ ጠበል ነው እንጂ ምን ይላል? አንዷ ጫማዋን አውልቃ ጠጋ አለች፣ ሌላዋ ልጇን አምጥታ አስጠመቀች፣ ሦስተኛው በሽታዬ ለቀቀኝ ብሎ ወሬውን መርጡለ ማርያም ድረስ አደረሰው። እናቴ «ነው» አላለችም፤ «አይደለም»ም አላለችም። ሰው ጓሮዋን አክብሮ ጫማውን ሲያወልቅ ደስ ይላት ነበር መሰለኝ። ጀልባ ቀዛፊው ጌጡ ብቻ ከላይ ሆኖ «ጠበለ ጎመን እንዴት አደረች?» እያለ ይቀልድባት ነበር።

በሁለተኛው ዓመት መስቀል ሰሞን፣ ዝናቡ አቁሞ፣ አደይ አበባ ግድቡን ወርሶ፣ ኩሬው እስከ አፉ ሞልቶ ነበር። አንድ ቀን ግድቡ አናት ላይ ሙዚቃ ተከፍቶ፣ ሰው ተሰብስቦ ይጨፍራል። እናቴ ማለዳ ያየችውን ውሃ፣ እንቁራሪቶቹ በድንገት ዝም ስላሉባት፣ ረፋዱ ላይ እንደገና ቀዳች። እኔ ከበሩ ቆሜ ነበር። ፈገግ አላለችም። በብርጭቆው ውስጥ ያለው ቅራሪ ይመስል ነበር።

«ላሚቷን ፍታት!» አለችው አባቴን። እኔንና ታናሽ እህቴን ወደ ዳገቱ ገፈተረችንና፣ ራሷ ግን ብርጭቆዋን እንደያዘች በግድቡ ላይ ሽቅብ ሮጠች። እኔም አላስችል ብሎኝ ተከተልኋት።

«ውረዱ! ከዚህ ውረዱ! ሊሄድ ነው! ሊውጣችሁ ነው!»

ሰው ሁሉ ዞረ። ነጠላዋ ወድቋል፣ ፀጉሯ ተበትኗል።

«በስመ አብ! የታችኛው ጠበል ነው ያስጮኻት» አለች አንዲት ሴት።

«ያዟት፣ ውሃው ውስጥ እንዳትገባ!»

«መስቀል ያለው የለም? ስሙን ጠይቁት፣ ስሙን ሳይናገር አይለቃትም!»

ሁለት ጎረምሶች እጇን ጠምዝዘው ያዟት፤ ብርጭቆዋን ግን አልለቀቀችም። በጮኸች ቁጥር ያማትባሉ፣ ባማተቡ ቁጥር ትጮኻለች። ጌጡ እንኳ ከጀልባው ወርዶ «እትዬ ጥሩ፣ ዛሬ ደግሞ የየትኛው ሰፈር ጋኔን ነው?» እያለ እየሳቀ መጣ። ከእግራችን በታች ግድቡ ዝም ብሏል። እኔ አፈሩን ብቻ አይ ነበር።

ያኔ እናቴ መጮኋን ተወች። ቁጭ አለች። ብርጭቆውን ወደ ጌጡ ዘርግታ፣ ቀስ ባለ ድምፅ፣ «ጠበል አይደለም፣ ጌጡዬ። ሆኖም አያውቅም። ይሄ አንተ የምትቀዝፍበት ውሃ ነው፤ ግድቡን እየበላ በጓሮዬ የሚወጣ። ጠበል ሲሉት ዝም ያልሁት እኔ ነኝ። አሁን እየው» አለችው።

ጌጡ ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ አነሣ። የጀልባ ሰው ነውና የዚያን አፈር መልክ ያውቀዋል። ሄዶ ሙዚቃውን አጠፋ፤ ሰው የፈራው ያን ጊዜ ነው፤ እየተጋፋ ወደ ዳገቱ ሮጠ።

ግድቡ ሲሄድ ከዳገቱ ሆነን አየነው። ትልቅ ድምፅ ጠብቄ ነበር፤ የሰማሁት ግን የቆዳ ጀንዲ ሲቀደድ የሚመስል ነበር። መጀመሪያ ዳሷ ቁጭ አለች፣ ቀጥሎ ጎመኑ፣ ከዚያ ቤታችን እንዳለ ተነሥቶ ሄደ። ሰው አልሞተም። እናቴ ስለ ቤቷ አንድ ቃል ሳትናገር፣ ከሳምንት በኋላ እንስራ ተውሳ ወደ ወንዙ ወረደች።

እንግዲህ ያቺ የጎረቤቴ እንቁራሪት ናት ባለፈው መጋቢት ያን ቦታ እንዳይ ያስነሣችኝ። ግድቡ እንደገና ተሠርቷል፤ ጀልባዎቹ ሞተር አላቸው፣ ሙሽሮቹም አሉ። በግርጌው አንዲት ወጣት ሴት ጎመን ትኮተኩታለች። አገሩ ሁሉ ደርቆ እሷ ዘንድ ብቻ ለምለም ነው።

«ምንጭ ነው እትዬ፤ አምና ፈለቀልን» አለችኝ፣ ደስታዋ የእናቴን ደስታ መስሎ።

ውሃ ስጪኝ አልኋትና በብርጭቆ አመጣችልኝ። ወደ ፀሐይ አነሣሁት፤ ጥርት ያለ ነው። በእኛ የሆነውን ሁሉ ነገርኋት። መሐንዲሱ ለእናቴ ያለውንም አንድ በአንድ ነገርኋት።

«ሰውም ጠበል ነው ቢልሽ፣ አይደለም በይ። ዛሬውኑ በይ።»

«እሺ እትዬ» አለች እየሳቀች። «ይጫወታሉ እኮ እርስዎ!»

ዛሬ እኔ በቤቴ ቧንቧ አለኝ፤ እናቴ የተመኘችው ውሃ ያለ ገመድ፣ ያለ ጠባሳ ደጄ ገብቷል፤ ግን አሁንም ብርጭቆውን ወደ መስኮት ሳላነሣ አልጠጣም። ይህን እያሰብሁ ተሰናብቻት ስወጣ፣ ከጎመኑ መደብ ዳር፣ የማን እንደሆነ ያላወቅሁት አንድ ጥንድ ጫማ ወልቆ ተቀምጦ አየሁ።