ሆድ ሳይሳብ

ሰፈሩ «ብረቷ» ይላታል። ልብስ ሰፊ ናት። ወልዳ ብዙም ሳትቆይ የስፌት መኪናዋ ፊት ተመልሳ ስትቀመጥ ያየ ሁሉ፣ «ይቺ ወልዳ ሳይሆን እንቅልፍ ተኝታ ነው የተነሳችው!» እያለ አደነቃት። ልጁ ሲያለቅስ ግን ፔዳሉን ጠበቅ አድርጋ ትረግጣለች፤ የመኪናው ጩኸት የልጁን ጩኸት እንዲውጥላት። ይህን ማንም አላወቀባትም።

አንዲት ነርስ ጠርጥራ ወደ ሥነ ልቦና አማካሪ ላከቻት። በሄደች ቁጥር ታላቅ እህቷ ልጁን ታቅፋ አብራት ትገባለች፤ ለጥያቄውም የምትመልሰው እሷው ናት። «የቤት ገመና ለባዳ አይነገርም፤ ሆድ ይፍጀው» ብላ አስጠንቅቃታለች። ብረቷም «ደህና ነኝ» ብላ ትወጣለች። ባለፈው አማካሪዋ፣ «እንግዲህ ደህና ከሆንሽ የሚቀጥለው የመጨረሻችን ነው» ስትል እህቷ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ብረቷ ግን ደነገጠች። ከዚያ በኋላ ማን ሊጠይቃት ነው?

የቀጠሮዋ ቀን ጠዋት አንዲት ደንበኛ ቀሚስ ልትለካ መጣች። ሜትሩ ወገቧ ላይ ሲያርፍ ትንፋሿን ውጣ ሆዷን ሳበች።

«እናቴ፣ ሆድዎን ይልቀቁት።»

«ለቅቄዋለሁ እኮ!»

«ታዲያ ጉንጭዎ ለምን ተነፋ?»

ሴትዮዋ ሳቀች፤ ሆዷም ወደ ቦታው ተመለሰ። «ባለፈው እንዲሁ ስቤ ተለክቼ፣ ገና ቁጭ ከማለቴ ቀሚሱ ተተረተረ። ሰፊውን ስሰድበው ዋልኩ።»

«ሰፊው ምን ያድርግ? ያልሰጡትን ልክ ከየት ያመጣል?»

ይህን ብላ፣ ሜትሩን እንደያዘች ቀጥ አለች። እሷስ ስንቱን ቀጠሮ ሆዷን ስባ ተለካች!

ከሰዓት አማካሪዋ ዘንድ ሲገቡ እህቷ ወንበር እንኳ ሳትስብ፣ «ዛሬማ ፍጹም ድናለች» ብላ ጀመረች።

«እትዬ፣ ልጁን ይዘሽ ውጪ ጠብቂኝ።»

«እኔን?»

«አዎ፣ አንቺን።»

«ጉድ ፈላ! ብረቷ ሲሉሽ ብረትነቱን በእኔ ልትጀምሪ?»

«የታመምኩት እኔ ነኝ፤ የምናገረውም እኔ ነኝ።»

በሩ ተዘጋ። ብረቷ ወንበሯን ወደ አማካሪዋ አስጠጋች። «ከነገርኩሽ ልጄን ትወስዱብኛላችሁ?» አለች።

«የምጠይቅሽ ልረዳሽ ነው እንጂ ልወስድብሽ አይደለም። ልጎዳው ብለሽ አስበሽ ታውቂያለሽ?»

«የለም! ጥዬው መጥፋት ነው የሚያምረኝ። ሳቅፈው እንጨት ያቀፍኩ ይመስለኛል። ሲያለቅስ እንዳልሰማው የስፌት መኪናዬን አስጮኻለሁ። ለእናት ነውር ነው፣ አይደል? ይሁና! ነውሬን ይዤ መጣሁ፤ ይኸው።»

አማካሪዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ነውር አይደለም፤ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ሕመም ነው። ብዙ እናቶችን ያገኛቸዋል፤ ይታከማል። የመጨረሻ ያልነው ይቅር፤ ገና ዛሬ መጀመራችን ነው።»

ውጪ እህቷ ፊቷን አጥቁራ ጠበቀቻት። «ዘረገፍሽው አይደል? ሰው ምን ይለናል?»

«ያሻውን ይበል። በሚቀጥለው ሳምንትም እመጣለሁ።»

«እኔ እኮ ብረት ነሽ ብዬ...»

«ብረትም ይዝጋል፣ እትዬ።»

ልጁ ማልቀስ ጀመረ። እዚህ የሚረገጥ ፔዳል የለም። «ስጪኝ» አለች፤ ተቀበለችው። ክንዷ ላይ አሁንም እንጨት እንጨት ይላል። አላባበለችውም፣ አልዋሸችውምም።

«አልቅስ» አለችው፣ መንገዱን እየጀመረች፤ «ዛሬ እሰማሃለሁ።»