የመተማው ብሔራዊ ቡድን

እንግዳው የሚባል ሰው መተማ ላይ የስፖርት አስተማሪ ነበር። ኳስ በእንጨት መትተው እየሮጡ ነጥብ የሚቆጥሩበትን፣ ክሪኬት የሚባለውን ጨዋታ ያወቀው ጎንደር ሲማር ከአንድ ሕንዳዊ መምህር ነው። አወቀ ከተባለ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራው ቁጥቋጦ የገባች ኳስ ፈልጎ ማምጣት ነበር። ይህን ግን ለማንም ትንፍሽ አላለም።

በሰባ ሦስት ዓ.ም. ከሱዳን ጋር ወዳጅነት ሲታደስ ሹማምንቱ ግጥሚያ ይደረግ አሉ። ከድንበሩ ማዶ፣ በሱዳኗ ጋላባት የሚያስተምረው ሐሚድ የክሪኬት ቡድን እንዳለው እንግዳው ሲሰማ፣ "እኛም አለን" ብሎ አረፈው። አልነበራቸውም።

የቀበሌው ካድሬ ጠርቶ፣ "ይህ የኢምፔሪያሊስቶች ጨዋታ አይደለም ወይ?" አለው።

"የሰፊው የሕንድ ሕዝብ ነው፣ ጓድ።"

ተፈቀደለት። ከፖሊስ፣ ከጤና ጣቢያና ከሰሊጥ አጫጆች አሥር ሰው ለቀመ፤ አሥራ አንደኛው ራሱ ሆነ። የኳስ መምቻውን አናጢ ከዋንዛ ጠረበለት። በአገሩ ሌላ ቡድን ስለማያውቅም "ብሔራዊ" ብሎ ሰየመው።

ጋላባቶች መቶ አሥራ ሁለት ነጥብ ሮጡ፤ ብሔራዊ ቡድኑ አሥራ ዘጠኝ። በመጀመሪያዋ ኳስ ከእንግዳው ኋላ የተተከሉት፣ ከወደቁ መቺውን ከጨዋታ የሚያስወጡት እንጨቶች ሲወድቁ እሱ ገና ሱሪውን እያስተካከለ ነበር።

ተጫዋቾቹን ሰብስቦ የሽንፈቱን ምክንያት በአሥራ ስምንት ገጽ አነበበላቸው፦ ሙቀቱ፣ መምቻው፣ የሜዳው ቁልቁለት። የራሱ ስም የትም አልነበረም። ሲጨርስ ከጎጃም የወረደው አጫጅ ያረጋል ተነሣ።

"መምህር፣ አይቆጡኝና፣ እኛ አገር የገና ጨዋታ ላይ መምታት ያልሆነለት ዳር ቆሞ ያያል። እርስዎስ ቢያዩን? ደግሞ ከጋላባቶቹ ጋር ደጋግመን እንጫወት። እርስ በርሳችንማ ድክመታችንን ነው የምንማማረው።"

እንግዳው ሁለት ቀን አኮረፈ። በሦስተኛው ተሻግሮ ለሐሚድ፣ "እኔ እኮ ኳስ አቀባይ ነበርሁ፤ አስተምረን" አለው። ሐሚድ አልሳቀም፤ ያ ደግሞ ቢስቅበት ከሚያፍረው በላይ አሳፈረው።

ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ጋላባት ወረዱ። ማሽላ ሲጠብቅ በወንጭፍ ድንጋይ እየወረወረ ያደገው ያረጋል የጨዋታው ደንብ እንደሚያዝዘው ክንዱን ሳያጥፍ ኳስ መወርወር ተማረ። በእንግዳው ቦታ አንድ ፖሊስ ገባ፤ እንግዳው ራሱ ጥላ ሥር ተቀምጦ እያየ፣ ማን መቼ እንደሚደነብር ለመጀመሪያ ጊዜ ገባው።

ጥር ላይ እንደገና ገጠሙ። መቶ አንድ ለዘጠና ሰባት ተረቱ፤ እየጨፈሩ ተመለሱ።

"አሸነፋችሁ?" አለ ካድሬው።

"በአራት ብቻ ተሸነፍን፣ ጓድ።"

ካድሬው ግራ ገብቶት በሪፖርቱ ላይ "ድል" ብሎ ጻፈ። አጫጆቹ ወደየደጋቸው ተበተኑ። በተከታዩ መኸር ያረጋል ለአጨዳውም ለቡድኑም ሁለት ወንድሞቹን አስከትሎ መጣ።