በአገረ ገዥው ቆብ ላይ ያስበሳሁት ቀዳዳ

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ሆላንድ ውስጥ ኦስዶርፕ የሚባል ሰፈር እየኖርኩ፣ በሳምንት ሁለት ቀን በባቡር ዴን ሃግ ወርጄ የአንድ ጡረተኛ ሽማግሌ ቤት አጸዳ ነበር። ሲቀጥሩኝ በአገሬ ምን እሠራ እንደነበር ጠየቁኝና «የታሪክ መምህር» አልኩ። እውነቱን ለመናገር ያስተማርኩት ስፖርት ነው። ፊሽካ ይዤ የኖርኩ ሰውዬ፣ መጥረጊያ ስይዝ ማዕረግ አማረኝ።

ሽማግሌው የጥንት ፋርስ አገረ ገዥዎች ያስመቷቸውን የብር ሳንቲሞች የሚሰበስቡ ሰው ሆነው አረፉት! ወለሉን ወልውዬ ስጨርስ ወንበር ስበው ያስቀምጡኝና ማጉያ መነጽር አቀብለውኝ፣ «መኔር፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» ይሉኛል፤ መኔር በእነሱ ቋንቋ «ጌታዬ» ማለት ነው። እኔ ስለ ፋርስ የማውቀው መጽሐፈ አስቴርን ብቻ ነው። ንጉሡ ከህንድ እስከ ኢትዮጵያ ገዛ የምትለውን እየደጋገምኩ ሁለት ዓመት ገፋሁ። ጥያቄው ሲከብደኝ ቅንድቤን ሰብሰብ አድርጌ «አከራካሪ ነው» እላለሁ። እዚያ አገር ከገባሁ ጀምሮ «መቼ መጣህ?» ከማለት አልፎ ሐሳቤን የጠየቀኝ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ያን ወንበር ማጣት ሥራውን ከማጣት ይልቅ ያስፈራኝ ነበር።

ከሁሉ የሚወዷት አንዲት ሳንቲም ነበረች፤ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፣ ጠቆር ያለች፣ ለስላሳ ቆብ የደፋ ጺማም ሰውዬ ያለባት።

«ንጉሡ አይደለም፤ ሹሙ ነው። የራሱን መልክ አስቀረጸ» አሉኝ አንድ ቀን።

«እኛ አገር ይህን የሚሞክር ሹም ጭንቅላቱ አንገቱ ላይ ብዙ አይሰነብትም» አልኩ። ከልባቸው ሳቁ። በሚቀጥለው ሳምንት ሳንቲሟን በትንሽ ፖስታ አድርገው «የእርስዎ ናት» ብለው ሰጡኝ። በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

በእኛ ዘንድ ስጦታ ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ መወርወር ንቀት ነው። ወጉ ሰጪው እያየ ማጌጥ ነው። እናቴ ጠገራ ብር አስበስታ ባንገቷ አጥልቃ ነው ያሳደገችኝ። ስለዚህ ሮተርዳም ሄድኩ፤ እዚያ አስመራ ብር አንጥረኛ የነበሩ፣ አሁን ግን ወደብ መጋዘን የሚሠሩ አንድ አዛውንት ነበሩ።

ሳንቲሟን አገላብጠው አዩና፣ «አንተ፣ ይህቺ እኮ የቆየች ነገር ናት። እርግጠኛ ነህ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ታሪኩን ለእኔ ይተዉት» አልኳቸው።

ቆቡ ላይ በሱልኝ። ቀለበት አበጁላት፤ በሎሚና በአመድ ፈትገውም እንደ መስታወት አደረጓት።

የሽማግሌው ልደት ደረሰ። ሆላንድ ውስጥ ልደት ማለት ወንበር ክብ ተደርድሮ፣ እንግዳው ሁሉ ጋ እየዞሩ እጅ እየጨበጡ «እንኳን ደስ አለዎት» መባባል ነው። ከእንግዶቹ ብዙዎቹ ሳንቲም ሰብሳቢዎች ነበሩ። እኔም ሹሙን ሹራቤ ላይ አንጠልጥዬ፣ ደረቴን ነፍቼ ስዞር አንደኛው እጄን እንደያዘ ቀረ።

«በዓለም ላይ እንዲህ ያለች ስንት እንደቀረች ታውቃለህ? ማነው የበሳት?» አለ።

ያኔ ገባኝ፤ ለሰብሳቢ የተበሳ ሳንቲም የተበላሸ ሳንቲም ነው። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ማንም ክፉ ያላሳየውን ሰውዬ፣ እኔ አናቱን አስበሳሁት። የታሪክ መምህሩ!

ሽማግሌው ተነሥተው ቀረቡኝ። በማጉያቸው ቀዳዳውን ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ፊታቸው ነጣ። ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞሩ።

«እኔ ነኝ እንዲያስበሳት የጠየቅሁት። በአገሩ ወግ እንዲያጌጥባት ፈልጌ ነው» አሉ።

ድምፃቸው የረጋ ነበር። ለትራም ቲኬት እንኳ የማይዋሹ ሰው ነበሩ።

«እኔ ነኝ ያስበሳኋት፣ ታሪክም አስተምሬ አላውቅም» ልል አፌን ከፈትኩ። ልክ በዚያች ቅጽበት ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ኬክ አቀበሉኝ። ተቀብዬ ጎረስኩና ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ አፍራለሁ።