የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ወንበር

ልጆች በወላይትኛ መማር በጀመሩባቸው ዓመታት በሶዶ ቤተ መጻሕፍት እሠራ ነበር። ግድግዳችን ላይ ስለ ብሔረሰቦች እኩልነት የሚናገር ትልቅ ጽሑፍ ተለጥፎ ነበር። ከሥሩ ግን አንድም የሸክላ ሠሪ ልጅ ተቀምጦ አያውቅም ነበር። መንደራቸው ከከተማው ዳር፣ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። የሠሩትን ማሰሮ ሁላችንም እንገዛለን፤ ቤታቸው ግን አንበላም፣ ቤታችንም አይገቡም። ይህን ያዘዘ ደንብ የለም፤ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው።

አንድ ቀን ገበያ ላይ ማሰሮ ስገዛ ሻጯ ስለ ልጇ አጫወተችኝ። ልጅቷ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ሚኒስትሪ ልትፈተን ሦስት ወር ቀርቷታል፤ የምታጠናበት አንድም መጽሐፍ የላትም። እኛ ዘንድ አምጫት አልኳት። ሰው እንዳያፈጥባት ብዬም በሩ አጠገብ ለብቻዋ ወንበርና ጠረጴዛ አዘጋጀሁ። በራሴ ኮርቼ ነበር።

እናትየው ልጇን ይዛ መጣች። ቦታውን አየች፣ አመሰገነችኝ፣ ልጇን ይዛ ተመለሰች።

የገባኝ ከሄዱ በኋላ ነው። ሸክላ ሠሪዎች በየሠርጉ፣ በየለቅሶው የሚቀመጡት ለብቻ፣ ከበር አጠገብ ነው። እኔ ደግሞ ያንኑ በመንግሥት ወንበር አሳምሬ አቀረብኩላቸው። በጣም አፈርኩ። የእኔ ማፈር ግን ልጅቷን ለፈተና አያበቃትም፤ እልኸኛ ደግሞ ነኝ።

ቅዳሜ መንደራቸው ወረድኩ። አጥፍቻለሁ፣ ልጅሽ የፈለገችበት ትቀመጣለች አልኳት። ሴትዮዋ ጭቃዋን እያቦካች እስክጨርስ ሰማችኝና በወላይትኛ፣ «ልጄ ቤትሽ እንድትገባ ትፈልጊያለሽ። አንቺ የኔ ቤት ገብተሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

ገባሁ። ትኩስ ጎዳሬ በዳጣ አቀረበችልኝ። እጄ ታዘዘኝ፤ ጉሮሮዬ ግን እምቢ አለ። በልጅነቴ እናቴ «እዚያ እንዳትቀምሺ» ያለችኝ ሁሉ እዚያች ጉሮሮ ላይ ተደርድሮ ቆሟል። ያን ሁሉ ዓመት በመጽሐፍ መሀል ኖሬ ጉሮሮዬ አለመማሩ አናደደኝ። ሴትዮዋም የምታየው እጄን አልነበረም፣ ስውጥ ነበር የምትጠብቀው። ዋጥኩ። የመጀመሪያውን ለልጅቷ ብዬ ነው፤ የቀረውን ግን ርቦኝ ነው የበላሁት፣ ዳጣው እያስለቀሰኝ።

ሳህኑን ስታነሳ፣ «ሰኞ ትመጣለች» አለች። «ካስከፏት ግን የምጠይቀው አንቺን ነው።»

ቤቷ በልቼ ምን ማምለጫ አለኝ? እሺ አልኩ።

ሰኞ ልጅቷ ገብታ መሀለኛው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች። ግራና ቀኟ የነበሩ ሁለት ተማሪዎች ደብተራቸውን ሰብስበው ተነሱ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። እኔ መዝገቤን ይዤ ከተለቀቁት ወንበሮች በአንዱ ላይ፣ ክንዴ ክንዷን እስኪነካ ተጠግቼ ተቀመጥኩ። እስከ ፈተናው ዋዜማ ሥራዬን የሠራሁት እዚያው ሆኜ ነው።