የሊቀመንበሩ ቱቦ

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ መታሰሬ ብቻ አይደለም። ፋርማሲ ተምሬ ሥራ እንደያዝኩ፣ የኮልፌው ቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ መኮንን «ለፀረ አብዮተኞች መድኃኒት ያሻግራል» ብሎ አሳሰረኝ። ስፈታ ሥራዬ የለም።

ከዓመታት በኋላ ጓድ መኮንንን የአንጀት ካንሰር ያዘው። ሐኪሞቹ መድኃኒቱን የሚሰጡበትን ቀጭን ቱቦ ለቀጣዩ ሕክምና ደም ሥሩ ውስጥ እንዳለ ትተው ወደ ቤቱ ላኩት።

አንድ ቀን ባለቤቱ እትዬ ወይንሸት፣ ስለ መድኃኒት እንደማውቅ ያውቃሉና፣ እየሮጡ ቤቴ መጡ። «ወንድሜ፣ ድረስልኝ! እየተንቀጠቀጠ ነው።»

ስደርስ ሰውነቱ እንደ እሳት ይፋጃል። እትዬ ወይንሸት ይፈወሳል ብለው ቱቦው የገባበትን ቦታ ጠበል ውስጥ በነከሩት የነጠላ ቁራጭ አስረውታል። ስፈታው መግል ቋጥሯል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይሄ ካንሰሩ አይደለም። በቱቦው በኩል ጀርም ደምዎ ውስጥ ገብቷል። አሁኑኑ ሆስፒታል ከሄድን ይድናሉ» አልኩት።

ዓይኑን አፈጠጠብኝ። «ወይንሸት፣ ይሄን ፀረ አብዮት አስወጪልኝ! በሕክምና አሳቦ ሊገድለኝ ነው!»

ብለምነው የውሃውን ጣሳ ወረወረብኝ።

በዚያው ሳምንት ቀበርነው። ለቅሶው ላይ እትዬ ወይንሸት አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ።

«ያኔ ሲከስህ፣ ውሸት መሆኑን ለእኔ ነግሮኝ ነበር» አሉኝ። «እያደር ግን ራሱም አመነው።»