ሸራውን አልብሺው

ሥዕል ሥራ ነው ብዬ አላምንም ነበር። ልጄ የሥዕል ትምህርት ቤት የገባችው እናቷ ስላሸነፈችኝ እንጂ እኔ ፈቅጄ አይደለም። ፊደልን ዕቃ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ለቃቅሜ፣ አናጢነትን የተሰበረ ወንበር እየፈታሁ የተማርኩ ሰው ነኝ። በእኔ ቤት ሥራ ማለት ሲያልቅ ወይ የሚቀመጡበት ወይ የሚበሉት ነገር ነበር።

የሆነው ሆኖ የመመረቂያ ሥዕሏን ሰኞ እንድታስረክብ ሲነገራት ፍሬም የሚሠራላት ጠፋ። በደርግ ጊዜ ጣውላ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። የአሮጌ አልጋችንን ጎን ፈትቼ ፍሬሙን ራሴ ሠራሁላት። ሥዕሉን የሣለችው ፍሬም በሌለው ልቅ ሸራ ላይ፣ ግድግዳ ላይ በሚስማር ሰክታው ነው። በነፋስ ስልክ፣ በቀበሌያችን ኅብረት ሱቅ በር ላይ፣ ስኳር ለመውሰድ የተሰለፉ ሴቶችን ነው የሣለችው።

ቅዳሜ ከሰዓት ሁለታችን ልንወጥረው ሞከርን። አልወጠር አለ። እዚህ ስናጠብቀው እዚያ ይረግባል፤ መሐሉ እንደ ባዶ ጆንያ ተንጠለጠለ።

"መምህራችን እንዲህ ሆኖ አይሰቅለውም" አለች፤ እንባዋ ቀረበ።

ያልተሰቀለ ሥዕል አይታረምም፤ ሥዕሉ ያልታረመለት ደግሞ አይመረቅም። ሚስማሮቹን ነቀልን፤ እሷም የተቀባውን ወደ ውስጥ አድርጋ ጠቀለለችና በረንዳው ጥግ አቆመችው።

እሑድ ጠዋት እሷ ብስራተ ገብርኤል ልትሳለም ሄደች። እኔ የቀበሌ ስብሰባ ነበረብኝ። ግቢያችን ውስጥ ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ ያገኘሁት ሲሚንቶ ተደርድሯል። ስወጣ ሰማዩን አየሁና ለባለቤቴ፣ "ዝናብ ከመጣ ሸራውን አልብሺው!" ብያት ሄድኩ።

ዝናቡ በስብሰባው መሐል ወረደ። የአዳራሹ ቆርቆሮ ሲንጫጫ ተናጋሪው ድምፁን ከፍ አደረገ። እኔ ሲሚንቶዬ ተሸፍኗል ብዬ በሰላም ተቀመጥኩ።

ቤት ስደርስ ሲሚንቶው እውነትም ተሸፍኗል። የለበሰው ግን ነጭ ነው፤ የእኔ ሸራ አረንጓዴ ነበር። ያኔ ትዝ አለኝ፤ ሸራዬን ለጎረቤት ለለቅሶ ድንኳን ያዋስኩት እኔው ራሴ ነኝ።

"አንቺ ሴት፣ ምንድን ነው ያለበስሽው?"

"ሸራ ነዋ! አልብሺው አላልክም?"

"የልጅቷ ሥዕል እኮ ነው!"

"እኔ ምን ላድርግ? እሷም ሸራ፣ አንተም ሸራ! አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሸራ ካለ ስም አውጡለት እንጂ!" አለች። ቀጥላ ግን ድምፅዋ ወረደ። "ቀለሙ... በውሃ ነው አይደል የሚበጠበጠው?"

በውሃ ነው። ብሩሿን በጣሳ ውሃ ስትነክር በዓይኔ አይቻለሁ። በውሃ የመጣ በውሃ ይሄዳል ብዬ ደመደምኩ። የተቀባው ገጽ ወደ ታች ስለሆነ ምን እንደ ደረሰበት አይታይም፤ ገልጬ ለማየት ደግሞ እጄ እምቢ አለኝ። ሚስቴን መቆጣት አማረኝ፤ ግን የታዘዘችውን ነው የሠራችው። ትእዛዝ የሚሰጥ ሰው ቃሉን አጥርቶ ይናገር። ይህን ለሌላው ስሰብክ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ልጅቷ ነጠላዋን እየጨመቀች ገባች።

"ምን ሆናችኋል? ማን ሞተ?"

ዓይኗ ሲሚንቶው ላይ አረፈና ሮጠች። የሸራውን ጫፍ ይዛ ስትገልብ እኔ ወደ አጥሩ ዞርኩ። ጩኸት ስጠብቅ የሰማሁት ሳቅ ነው።

"አባባ፣ ይምጡ ይዩ! አክሪሊክ እኮ ነው! ይሄ ቀለም የውሃ ዘመድ የሆነው እስኪደርቅ ነው። ከደረቀ በኋላ ውሃን አያውቀውም።"

ሄጄ አየሁ። ሴቶቹ እንደ ተሰለፉ ናቸው፤ አንዷም ወረፋዋን አልለቀቀችም። የአንዲቷ ጉንጭ ላይ የሲሚንቶ አቧራ ነበር፤ ልጄ በእርጥብ ነጠላዋ ጠረገችላት። እናቷ እልል አለች። እኔ ተመስገን ብዬ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አልኩ።

ጨርቁን ስዳስሰው ረጥቦ ለስልሷል። የአልጋ ጠፍር የሚወጠረው እርጥቡን ነው፤ ሲደርቅ ራሱ ይከርራል።

"ሳይደርቅ አምጪው!" አልኳት።

ከጎኑ መሐል አንድ ሚስማር፣ ከትይዩው አንድ፤ እንዲህ እያልን ወደ ማዕዘኖቹ ሄድን። ባለቤቴ ሚስማር እያቀበለች፣ "ይሄስ? ሚስማር ስንት ዓይነት ነው? ኋላ እንዳልሳሳት" ትለኛለች። አመሻሹ ላይ በጣቴ መታ ሳደርገው እንደ ከበሮ ጮኸ። ሲሚንቶውን ያስታወሰው ግን አልነበረም። ካፊያው ተመልሶ ኖሮ ከላይ ያለው ከረጢት ድንጋይ ሆኖ አደረ።

ሥዕሎቹ የተሰቀሉ ዕለት ጫማዬን አስጠርጌ ሄድኩ። መምህሯ የእሷ ሥዕል ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ጎንበስ ብሎ ጠርዙን በጣቱ ነካ አደረገ።

"ጥሩ ተወጥሯል። ማን ወጠረልሽ?"

"ዝናብና አባቴ" አለች።

ስታሾፍብኝ እንደሆነ ገብቶኛል። ግን ዋሽታለች አልልም፤ ቅደም ተከተሉም ልክ ነው።