ሣር ላይ ያፈሰስኩት አረቄ

ግቢዬ ውስጥ ካሉት ሁለት ሰርቪስ ቤቶች አንዱን የተከራየችው ሰላም የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። የደሴ ልጅ ናት፤ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር መጥታ እኔ ጋ መኖር ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ባለፈው ሳምንት ማንጎው ሥር ወዲያ ወዲህ እየተንጎራደደች ብቻዋን ስትናገር ሰማኋት። እኔ በረንዳ ላይ ተቀምጬ የሽፈራው ቅጠል እየሸመጠጥኩ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ ቅጠል መሸምጠጥና የሰው ወሬ ማዳመጥ ሆኗል።

ለካ ክበባቸው ክርክር አዘጋጅቶ ነው። ርዕሱ «ሱስ በሽታ ነው ወይስ የግል ምርጫ?» የሚል ሲሆን፣ ለሷ በዕጣ የደረሳት «ምርጫ ነው» ብሎ መከራከር ነው። አስተማሪ ነበርኩና ቁጭ ብዬ እንድሰማት ለመነችኝ። ጎበዝ ናት። «ማንም አፉን ፈልቅቆ አላጠጣውም፤ እጁም የራሱ ነው፣ ብርጭቆውም የራሱ ነው» የምትል ዐረፍተ ነገር አለቻት፤ እዚያች ላይ ስትደርስ ጣቷን ቀና ታደርጋለች። ስትጨርስ፣ «እትዬ ማርታ፣ ያሳምናል?» አለችኝ። ያሳምናል አልኳት። እውነቴን ነው። በሃያ አንድ ዓመቴ እኔም ይህንኑ እል ነበር፤ ያውም ከሷ ባነሰ ዕውቀትና ከሷ በበለጠ ድፍረት። ከዚያ ድካም ድካም አለኝና ቅጠሉን ሳልጨርስ ወደ ቤት ገባሁ።

ወንድሜ ጴጥሮስ በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። ሸማኔ ነበር። ያደግነው ከአርባ ምንጭ ሽቅብ ወደ ጨንቻ በሚወስደው መንገድ፣ ቀርከሃና እንሰት ጥቅጥቅ ካለበት ደጋ ነው። በኛ አገር ሸማኔ መሆን ብርቅ አይደለም፤ ጥለት ግን እንደ ጴጥሮስ የሚዋጣለት ሰው ጥቂት ነበር። ወረቀት ላይ አይነድፍም፤ ክሩን በልቡ እየቆጠረ ይሠራል፣ መሀል ላይ ብታናግረው እንኳ ቁጥሩ አይጠፋበትም። ሰርግ ያለበት ሰው ከከተማ ድረስ ሽቅብ እየወጣ ደጅ ይጠናው ነበር። እኔ ታናሽ እህቱ በሱ ያልኮራሁበት ቀን አልነበረም፤ ስናደድበት እንኳ እየኮራሁ ነበር።

አረቄውን መቼ እንደጀመረ በትክክል አላውቅም። ደጋ ብርድ ነው። ሸማኔ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከትቶ እስኪደነዝዝ ይውላል፤ ጠዋት አንድ መለኪያ መጨለጥን ብዙዎቹ ከቁርስ ለይተው አያዩትም። የኛ ቤት ግን የጴንጤ ቤት ነው። አባቴ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ስለነበር አረቄ በቤታችን ስሙም አይነሳም። ጴጥሮስ ሁለት ጊዜ ከጌታ እራት ታግዷል፤ ሁለት ጊዜም ምእመናን ፊት ቆሞ፣ አልቅሶ፣ ዳግመኛ አልጠጣም ብሎ ተመልሷል። አባቴ፣ «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» እያለ ያጉረመርም ነበር። አንዲት አሮጊት አክስታችን ደግሞ፣ ክርስትናውን ለአፍታ ወደ ጎን ትታ፣ የሆነ ጎሜ ቢኖርበት ነው ትል ነበር፤ ጎሜ ማለት በኛ ዘንድ የተጣሰ ደንብ የሚያመጣው መዘዝ ነው። እኔ ሰርተፍኬቴን የያዝኩት አስተማሪ ሁለቱንም ንቄ፣ የፈቃድ ጉዳይ ነው እል ነበር። ከፈለገ ይተወዋል፣ በቃ።

ሁላችንም እያየን ያላየነው አንድ ነገር ነበር። ጠዋት ጠዋት የጴጥሮስ እጅ ይንቀጠቀጣል። መወርወሪያውን እንኳ አጥብቆ መያዝ ያቅተዋል። ወጣ ብሎ ሲመለስ እጁ ይረጋል፣ ሥራውም ይሰምርለታል። ይህን በየቀኑ የሚያይ ሰው አንዴ ቆም ብሎ ማሰብ ነበረበት። እኔ ግን ለመጠጣት ሰበብ የሚፈልግ ሰው እጁንም ያንቀጠቅጣል ብዬ ነበር ያለፍኩት።

ሃያ አንድ ዓመት በሞላኝ ዓመት ምዕራብ ዓባያ ማስተማር ጀምሬ ነበር፤ ክረምቱ ሲገባ ለዕረፍት ወደ ቤት ወጣሁ። ታች ሙቀቱ፣ ሙዙ፣ ትንኙ። ከአርባ ምንጭ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሬ ዳገቱን ስያያዘው ደግሞ ጭጋግና ጭቃ። መኪናው ሁለት ጊዜ ተይዞ ወርደን ገፋን። እናቴ ኮጮ ጋግራ፣ ዳጣውን በቃሪያና በነጭ ሽንኩርት አሳምራ ፈጭታ ጠበቀችኝ። ዳጣው ዓይኔን እያስነባኝ ስበላ ጴጥሮስ ገባ፤ ጉንጩ ጎድጉዶ፣ ኮቱ ከላዩ ላይ ሰፍቶ። እሱ ምግቡን አልነካም።

በሦስተኛው ቀን አጥር ሥር ቁጭ ብለን ሳለ ራሱ አነሳው። ሚስቱ ከወለደች ሁለተኛ ወሯ ነበር፤ ሕፃኗ በጸሎት ቤት ለጌታ የምትሰጥበት ቀን ደርሶ ነበር። በኛ ዘንድ ያን ቀን አባት ልጁን ታቅፎ ምእመናን ፊት ይቆማል፤ የታገደ ሰው ግን አይቆምም፣ አጎት ወይም አያት ነው የሚያቅፍለት። ያኔ ለሦስተኛ ጊዜ ታግዶ የነበረው ጴጥሮስ ይህን ማሰብ አልቻለም።

«ልተወው ነው፣ ማርታ» አለኝ። «በሩን ቆልፉብኝ። ክፍት ከሆነ እወጣለሁ፣ ራሴን አውቀዋለሁ። ቁልፉን ለእናታችን እንዳትሰጡ፤ አንቺ ያዢው።»

አቅፌው አለቀስኩ። ይኸው፣ መረጠ አልኩ በልቤ። በጋሞኛ ነው የተባባልነው፤ በአማርኛ ስጽፈው ትንሽ ይቀዘቅዛል፣ ያኔ ግን ከአፉ የሰማሁት ትልቁ ነገር ነበር።

የጸሎት ቤቱ ሰዎችም ደስ አላቸው። መሪያችን ወንድም ሳሙኤል የሦስት ቀን ጾም ጸሎት አወጀ። ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ግድግዳዋ ቀርከሃ የሆነች አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች፤ ጴጥሮስ በራሱ እግር ሄዶ ገባ፣ እኔም ቆለፍኩ። ከውሃ በቀር ምንም አልነበረም። ምእመናን በአዳራሹ እየተፈራረቁ ይዘምራሉ፣ ይጸልያሉ፤ እኔ በሩ ላይ በርጩማ ይዤ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ቀን አብሯቸው ሲዘምር ዋለ። አመሻሽ ላይ ያልበው ጀመር፤ ብርድ ነው እያለ እየተንቀጠቀጠ ያልበዋል። ወንድም ሳሙኤል በቀዳዳው አይቶት፣ ጠላት መውጫ እያጣ ነው አለን።

በማግስቱ ጠዋት ጴጥሮስ በሩን በቀስታ አንኳኳ። «አንድ መለኪያ ብቻ፣ ማርታ። ልሰክርበት አይደለም። እጄ ጸጥ እንዲልልኝ ነው።» አልቆጣሁትም። በዚያ በለመድኩት የአስተማሪ ድምፅ፣ ትናንት የመረጥከውን አስታውስ፣ ቆልፉብኝ ያልከው አንተው ነህ አልኩት።

ረፋዱ ላይ ባሎቴ መጣች። ባሎቴ ከገበያው አጠገብ አረቄ እያወጣች የምትሸጥ ጠና ያለች ሴት ነበረች፤ ልጅ ሳለን በደጇ ስናልፍ ፊታችንን እንድናዞር እንመከር ነበር። ጸሎት ቤት ግቢ ስትረግጥ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ይመስለኛል። አዳራሹን ዞራ በጓሮ ነው የመጣችው። ከጋቢዋ ሥር አንዲት መለኪያ አረቄ በመዳፏ ከድና ይዛለች።

«ልጄ፣ ይህን ስጪው» አለችኝ። «እንደሱ የለመደ ሰው ባንዴ አይቆረጥበትም። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ትሰጡታላችሁ፤ በየቀኑ እያሳነሳችሁ፣ ምግብም እያበላችሁ። የባሌ ወንድም እንዲህ ተቆልፎበት ነው በሦስተኛው ቀን የሞተብን።»

መለኪያውን ከእጇ ተቀበልኳትና እያየችኝ ሣሩ ላይ ደፋሁት። ደንበኛሽ እንዳያመልጥሽ ነው አልኳት። ዛሬም ድረስ ያን ስል የነበረኝን ኩራት ሳስበው ሰውነቴ ይሸማቀቃል። አልተቆጣችም። ባዶውን መለኪያ ጎንበስ ብላ ካስቀመጥኩበት አነሳችና፣ «የሞተ ሰው ደንበኛ አይሆንም፣ ልጄ» ብላኝ በመጣችበት ጓሮ ሄደች። ያን ሁሉ ሰው ካሰባሰበው ግቢ ውስጥ ስለ ጴጥሮስ ሕመም የምታውቅ አንድ ሰው እሷ ብቻ ነበረች። እሷን መስማት ደግሞ በአስተዳደጌ ውስጥ አልነበረም። ከአረቄ ሻጭ ምክር ይወጣል ብሎ ማን አስተምሮኝ!

ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ውስጥ ከባድ ነገር ወደቀ። በቀዳዳው ሳይ ጴጥሮስ መሬት ላይ ተዘርግቶ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ እጅና እግሩ ይንዘፈዘፋል። ጮህኩ፤ ወንድም ሳሙኤልና ሌሎቹ ሮጠው መጡ። ሲያዩት ደነገጡ ብዬ ነበር፤ እነሱ ግን እጃቸውን አነሱ። እየለቀቀው ነው አሉ። ጸሎቱ ጨመረ፣ መዝሙሩ ጨመረ። የማልክደው ነገር፣ እኔም አብሬያቸው ሃሌሉያ ብያለሁ። ወንድሜ ምላሱን ነክሶ ከአፉ ደም እየወጣ ሃሌሉያ ብያለሁ። መንዘፍዘፉ ጥቂት ጋብ አለለት፤ ደግሞ ጀመረው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲነሳበት ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ሱሪው ርሶ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ተገልብጦ ሳየው በሩን ከፈትኩና፣ ሊሞት ነው፣ አንሡልኝ አልኩ።

በኛ አገር በሽተኛ በቃሬዛ ነው የሚወርደው፤ ጎረምሶቹ እየተቀባበሉ፣ የደከመው ትከሻውን ለሌላው እየለቀቀ። በዝናቡ ውስጥ ጭቃው ላይ እየተንሸራተቱ ጤና ጣቢያ አደረሱት። የተቀበለችን ጤና ረዳት በዕድሜ ከኔ ብዙም አትበልጥም። ገና እንዳየችው መጠጥ ያቆመው መቼ ነው አለች። ትናንት ጠዋት አልናት። መርፌ ወግታው ሲረጋ፣ ጓንቷን እያወለቀች ወደኛ ዞረች።

«እንዲህ ባንዴ ያስቆመው ማነው?»

አባቴ መሬት መሬት አየ። እኔ፣ «እሱ ራሱ ነው የመረጠው» አልኩ። ጤና ረዳቷ ካርዱን ስባ መጻፍ ጀመረች።

ጴጥሮስ ዳነ፤ መዳን ከተባለ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እግዱ ተነስቶለት፣ ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ ልጁን ታቅፎ ምእመናን ፊት ቆመ። መሪው እንደ ደንቡ የሕፃኗን ስም እንዲናገር ጠየቀው። ጴጥሮስ ትንሽ ቆየና ወደ ሚስቱ ዞረ፤ ስሟን እሷ ተናገረችለት። ምእመናኑ ስሜት ይዞት ነው አሉ። ቤት ስንገባ ግን እኔም ሚስቱም አንተያይም ነበር። ወደ ጉድጓዱ ሲመለስ ጥለቱ እምቢ አለው፤ አምስት ስድስት ክር ቆጥሮ ይጠፋበታል፣ ይፈታል፣ እንደገና ይጀምራል። በመጨረሻ ጥለት ያለው ሥራ መቀበሉን ትቶ ጥለት የሌለው ጋቢ ብቻ ይሠራ ጀመር። መስቀል ካለፈ ሁለት ወር ሳይሞላም ወደ አረቄው ተመለሰ። ማንም ብዙ አልተናገረው።

ብዙ ዓመት አለፈ። በከተማው ሐኪም ቤት እንዲህ ያለውን ሰው በመድኃኒት እየደገፉ፣ አስተኝተው እያዩት ቀስ ብለው እንደሚያስተዉ ስሰማ፣ ሽቅብ ወጥቼ ላመጣው ለመንኩት። ፀጉሩ ሸብቶ ነበር። ከእንሰቱ ሥር ተቀምጠን እስክጨርስ ሰማኝ።

«ያን ቀን የባሎቴን ድምፅ ሰምቼ ነበር» አለኝ። «በቀርከሃው ሁሉ ነገር ይሰማል። ልትሰጪኝ ነው ብዬ በሩ ሥር ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ።»

ከዚያ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመረ። ከኔ ጋር አልወረደም። ወደዚህ ጉዳይም አንድም ቀን አልተመለሰም፤ ከሞተ ይኸው ስምንት ዓመቱ ነው።

የሰላም ክርክር ትናንት ነበር። አሸንፈው፣ ለስላሳ ተጋብዘው፣ ደስ ብሏት መጣች፤ እኔም ደስ አለኝ። ሻይ እየጠጣን፣ ክርክሩን ትተሽ የልብሽን ንገሪኝ፣ እውነቱ የቱ ነው አለችኝ። የጴጥሮስን ነገር ከነባሎቴ ነገርኳት፤ ላንድ ሰው ሙሉውን ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ጣቷን ማንሳት ቀርቶ ሻይዋንም ረሳችው። ወንድሜ ከዚያ በኋላ ሐኪም ቤት አልሄድም ማለቱ ምርጫው ይሁን ፍርሃቱ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። አላውቅምና። ያ ክፍል ውስጥ ምን ያህሉ ሕመሙ፣ ምን ያህሉ እሱ እንደነበር ለመለየት ስሞክር አርባ ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ ደከመኝ።

ሰላም ወደ ክፍሏ ከሄደች በኋላ በረንዳው ላይ ብቻዬን ቀረሁ። ጤና ረዳቷ ስትጠይቅ እኔ ራሴ፣ አባቴም፣ አሁን ይህችም ልጅ፣ ሁላችንም የምናነሳው የጴጥሮስን ምርጫ ነው። እሱ በሩ ሥር እየተንቀጠቀጠ ሲጠብቅ ነበር፤ እኔ ጤነኛ ነበርኩ፣ አረቄው እጄ ላይ ነበር። የኔን ምርጫ የጠየቀኝ ሰው የለም።